የኋላው ጎማ

ኡልካን መጣች ማለዳ፣ በኅዳር በረዶ፣
ያ አሮጌ ቫኗ እያሳለ፣ በጭሱ ተጋርዶ።
መሪው በቀኝ በኩል፣ ከጃፓን የመጣ፣
ሦስት ባለቤት ቀብሮ ለሷ የወጣ ዕጣ።
ሰባት ሰው ትጭናለች ከናሪን ከተማ፣
የዶሎንን አቀበት ትወጣለች በጨለማ።

አማቷ አሳንኩልም ወረዱ ተከትለው፣
ፈረስ ነጋዴ ነበሩ፣ ዕድሜን በጥርስ ለይተው
ከንፈር ገልጠው የሚገዙ፣ ከንፈር ገልጠው የሚሸጡ፤
ጎማ ሊመርጡ ግን ገና ዛሬ መጡ።

“አራት ጎማ” አለችኝ። “ርካሽ ይሁን፤ ጥርስ ያለው።”
ሶሟን ከጓንቷ አውጥታ ቆጠረች፣ ደግማም ቆጠረችው፤
ለአራት ደህና ጎማ ግማሹ ነው ያላት፤
እኔም አየሁት፣ እሷም አልጠፋት።

ጥግ ላይ አራት ነበሩኝ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ፣
መንገድ ያልረገጡ፣ ከመደርደሪያ ያልራቁ።
ሽማግሌው ጣታቸውን ሰደዱ በጎድጓዳው መሐል፤
“ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ውርንጭላ ነው ይሄ፤ ይበቃል።”

እውነታቸውን ነው። ጥርሱ ሙሉ ነበር።
የጎማ ዕድሜ ግን ጥርሱ ላይ አይጻፍም፤
ጎኑ ላይ ነው፣ በአራት ቁጥር፤ መጀመሪያ ሁለቱ
የተወለደበት ሳምንት፣ ቀጥሎ ዓመቱ።
አሥራ አንደኛው ሳምንት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት።
ቆሞ ነው ያረጀው።
ቆሞ የሚያረጅ ብዙ አለ፣
ላዩ ወዝ እያለው ውስጡ እንደ ቁርበት የከረረ።

ቁጥሩን ወደ ግድግዳ እኔው ነኝ ያዞርኩት።
አምና ለአንዱ ሸጬ፣ ወሬውን ከማለፊያው ሲመለሱ ሰማሁት።
ሰው አልሞተም። አንድ ክንድ፣ ሦስት በግ፣ አንድ በር።
ከዚያ ወዲህ ያ ቁጥር ሌሊት ሌሊት ይመጣብኝ ጀመር።

ጎማውን አዞርኩና አሳየኋት። “ይህን አትግዢ።
በያዝሽው ገንዘብ ሁለት የበረዶ ጎማ ግዢ፤
ብርድ የማያደነድነውን፤ ከነበሩሽ የሚሻሉት ሁለቱ ወደ ፊት።”

“አዲሱን ከፊት እሰርልኝ እንጂ! መሪው ያለው ከፊት፣
ሞተሩ የሚጎትተው ከፊት፣ የተቀመጥኩትም እኔ ከፊት!”

“ከኋላ” አልኳት።
ሳቀችብኝ።

“ፊቱ ቢያዳልጥሽ እግርሽን ታነሻለሽ፣ መሪው ይሰማሻል፤
ኋላው ከከዳሽ ግን ገደሉ ነው የሚያናግርሽ። ማን ይደርስልሻል?”

ዝም ብለው የነበሩት ሽማግሌ ጢማቸውን አሹ፦
“ልክ ነው። ፈረስም ቁልቁለት ሲወርድ
የሚጸልየው በኋላ እግሩ ነው።
የኋላው ከሌለ የለም የፊቱ።”

ክሪኩን አስገባሁ፣ ቡሎኑን በመስቀለኛ አጠበቅሁ፤
ሽማግሌው እያንዳንዱን በካልቾ መቱ፤ እኔ ጠበቅሁ።
ሄዱ። አዲሱ በረዶ ላይ፣ የፊቱ የጻፈውን
ኋለኛው ጥርስ እየረገጠ አጠራው ፊደሉን።

አራቱን አሮጌዎች በቢላ ጎን ጎናቸውን ወጋኋቸው፤
ሚስቴ በመስኮት አይታ “እብድ!” አለች፤ “ገንዘብ ነበር ዋጋቸው።”

አራት መቶ ሶም ቀርቶባታል፤ ረስታዋለች፤
ግን ዓርብ ዓርብ በበሬ ታልፋለች፣
ጥሩንባ ትነፋለች።