ማሽኑ የማያነበው መስመር

ታርቱ ላይ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ፎቁ ሦስተኛ፤
ድሮ የክር ፋብሪካ፣ ዛሬ ግን የእኛ።
አሥራ አንድ ሰው፣ አንድ የሚያስል ማሞቂያ፣
በሩ ላይ ጽሑፍ፦ «ቤተሰብ ነን እኛ።»
ሰኞ ጠዋት ገባሁ። ራይጎ እጄን ጨበጠ፣
ወንበሬን አሳየኝ፣ ከጎኔ ተቀመጠ።
«እዚህ አለቃ የለም» አለኝ እየሳቀ፤
የትሪኑ ሳቅ ግን አንገቷ ላይ አለቀ።

ወንበሩ ዝቅ ብሏል፣ ለአጭር ሰው ተስተካክሎ፣
ጀርባው ላይ አንድ ጸጉር፣ ወርቃማ፣ ተንጠልጥሎ።
ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የሙጫ ጠባሳ፣
የስም ወረቀት ተልጦ የተነሣ።
«ማን ነበር?» ብዬ ብል፣ ሁሉም ስክሪኑን አየ፤
ጥያቄዬ ብቻውን አየር ላይ ቆየ።

ሥራዬ ማንበብ ነው፣ ሌላ የጻፈውን ኮድ፣
የተቋጠረውን መፍታት፣ ያረጀውን መናድ።
ታዲያ በኮድ መሃል አንድ ዓይነት መስመር አለ፣
ማሽኑ ዘሎት የሚያልፍ፣ እንዳላየ እያስመሰለ፤
ጸሐፊው ለሚተካው ለሰው ብቻ የተወው፣
እንደ ብራና ኅዳግ ጠርዝ ላይ የከተበው።

መስመር አርባ ላይ ሲም፦ «ይህን አትንኩት፤
ለምን እንደሚሠራ እኔም አላወቅሁት።»
ሦስት መቶ ላይ ኬርቱ፦
«ከሌሊቱ ስምንት። ልጄን አተኮሳት።
ነገ አስተካክለዋለሁ፤ ዛሬ ይለፍ በስሕተት።»
ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ነገዋ አልመጣላት።
ሰባት መቶ አሥር ላይ ኦት፣ በአንድ ቃል ብቻ፦
«ደክሞኛል።»

ስሞቹን ቆጠርኩ። ስምንት።
በሦስት ዓመት፣ በአንድ ወንበር፣ ስምንት።
ዘጠነኛዋ እኔ ነኝ።

ራይጎ አይጮህም። ቢጮህስ በተሻለ።
ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አዘንኩብሽ» ካለ
ትሪኑ እንደ ወረቀት ነጭ ትሆናለች፣
«ይቅርታ» ትላለች፣
ምን እንዳጠፋች ኋላ እኔን ትጠይቃለች።

ደመወዝ ሲዘገይ ፒዛ ይመጣል፣
ሰው ሲለቅ ግን ስሙ ብቻውን ይወጣል፤
ከግድግዳው ፎቶ፣ ከስልክ ዝርዝሩ።
«ከባህላችን አልገጠመም» ነው ነገሩ።

እሑድ ማታ ከእናቴ ጋር ሳውና ገብቼ፣
ስልኬን ከነልብሴ ውጭው ላይ ትቼ፣
ስወጣ አሥራ አራት መልእክት። የመጨረሻው፦
«ቤተሰብ መሆንሽ በዚህ ነው የሚለየው።»
እናቴ አነበበችው።
እዚያው ሕንጻ፣ እዚያው ፎቅ ላይ፣ ሃያ ሁለት ዓመት
ክር ስትቀጥል ነው የኖረችው።
«በእኛ ጊዜ» አለች፣ «ፊሽካ ሲነፋ ማሽኑ ይቆም ነበር።
የእናንተ ፊሽካ የት አለ?»
መልስ አልነበረኝም።
ከትከሻዋ ላይ፣ በብርዱ መሃል፣ እንፋሎት ይወጣ ነበር።

ይህንም ልናዘዝ። ትሪኑ የሄደች ለት፣
ካርቶኗን ታቅፋ፣ ጓንቷን ረስታ፣ በሩ ላይ ድንገት
ዞር ብላ ስታየኝ
እኔም ስክሪኔን አየሁት።

ዛሬ ታኅሣሥ ነው፤ ገና በዘጠኝ ተኩል ጨለመ፣
ወንዙ ዳር ዳሩን በበረዶ ታተመ።
መልቀቂያዬን ላክሁ። መልሱ ገና አልመጣም።
ነገ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ያን ለመስማት አልመጣም።
ወንበሩን መካከል ላይ አቆምኩት፤
የሚተካኝን ሰው ቁመት ከየት አውቄው?
ከዚያ ከኦት ቃል ሥር፣ ሰባት መቶ አሥራ አንድ ላይ፣
ማሽኑ የማያነበውን መስመር እኔም ጻፍኩ፦

«ኮዱ ይጠገናል፤ እሱ አያስፈራም።
እስካሁን ዘጠኝ ነን።
ኬርቱን አግኝቻታለሁ፤ ልጇ ድናለች፤ ስልኳ ከዚህ በታች አለ።
እዚህ ቤት ፊሽካ የሚነፋ የለም።
ራስሽ ንፊው። ራስህ ንፋው።»

አስቀመጥኩት። ኮቴን ለበስኩ።
ከመሳቢያዬ የትሪኑን ጓንት አወጣሁ፤
ግራጫ ሱፍ፣ አውራ ጣቱ ላይ የተጣፈ።
ቤቷ ድልድዩን ተሻግሮ ነው፣
በእግር ሃያ ደቂቃ።