መሳሳት

ሠላሳ ሁለት ዓመት በኩኦፒዮ ጎዳና
ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ስነዳ ኖርኩና፣
ጡረታ ስወጣ የእጅ ሰዓት ሸለሙኝ፤
አካፋ ቢሆን ኖሮ ምንኛ በጠቀሙኝ።

ሰኔ ነው። ጀምበሯ ከሐይቁ ማዶ ገብታ
ትጠልቃለች እንጂ፣ ብርሃኗን ረስታ
ትታልኝ ትሄዳለች፣ ከደጄ ላይ ሰጥታ።
እንቅልፌን ለበረዶው ወራት አስቀምጫለሁ፤
ያኔ ጨለማው ብዙ ነው፣ ከነወለዱ እከፍላለሁ።

መደቦቼን በፌርማታ ስም ነው የምጠራቸው።
ገበያው ፍጁል ነው፦ ቀድሞ የሚወርድ፣
ክብ፣ ቀይ፣ ሲነክሱት መልሶ የሚነክስ።
ሆስፒታሉ ሰላጣ፤ ጥንቸል የነጨችው፣
ግማሹ በነጭ መረብ ታሽጎ የተኛው።
ወደቡ አተር ነው፤ ሐረጉ በታውኖ አጥር ላይ
እንደ መርከብ ገመድ ተጠምጥሞ ወዲያ ማዶ የሚያይ።
የመጨረሻው ፌርማታ፣ ካሮት።
ጣጣው እዚያ ነው።

ዘሩን ስበትን ነፋስ ነበር፤ እጄም ቸር ነበረ።
ይኸው ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው በቀሉ፣
የጠዋት አንድ ሰዓት ተሳፋሪ መስለው፣
«ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ!» የሚላቸው አጥተው።

«አሳሺው!» ይለኛል ታውኖ ካጥሩ ማዶ
(የባቡር ሰው ነበር፤ ሐሳቡም በሐዲድ ነው የሚሄድ)፣
«በየሁለት ጣቱ አንዳንድ ተዪ፤
የቀረውን ንቀዪ።»

እውነቱን ነው። ያልሳሳ ካሮት የአይጥ ጭራ ነው የሚሆን።
ግን በሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ሞላ ብዬ
ፌርማታ ላይ ሰው ትቼ የሄድኩት አንድ ቀን ነው።
አንድ ቀን።
የካቲት ነበር፤ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት።
ሰማያዊ ኮፍያ ያጠለቀ ልጅ፣
የበረዶ መንሸራተቻውን ታቅፎ
በሩን በመዳፉ መታው። ጓንት አላደረገም።
ቀጣዩ አውቶቡስ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ይመጣል።
መጥቶ ይሆናል፤ ተሳፍሮ ይሆናል፤ ደርሶ ይሆናል።
ይሆናል፦
ይህች ቃል ናት እስከ ዛሬ
ቲኬት ሳትቆርጥ ከኔ ጋር የምትሳፈረው።

ስለዚህ ከካሮቱ ፊት እንበረከክና
አንዷን ስቤ አወጣለሁ፤
ውፍረቷ ክር፣ ጫፏ ገና የገረጣ፣
ሽታዋ ግን ሙሉ ካሮት ነው፤ ምንም አልጎደለባት።
ላሳሳ ስል እሳሳለሁ፤
ስሳሳም እሳሳታለሁ።
የነቀልኩትን ከማዳበሪያው ክምር ጎን
በጣቴ ቀዳዳ እያበጀሁ
አንድ በአንድ አሳፍራለሁ፣ ውሃ አጠጣለሁ።

«ካሮት አይዛወርም!» ይላል ታውኖ።
አውቃለሁ። አምና ያዛወርኳቸው
ሁለት እግር፣ ሦስት እግር አብቅለው ወጡ፤
አንዱማ እግሩን አነባብሮ ቁጭ ብሎ ነበር፣
ሐኪም እንደሚጠብቅ ሰው።
ታውኖ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።
ግን በላቸው። አንድም አላስቀረ።

መሸ ብንል ይሻላል፤ ሰዓቱ መሽቷል።
እጄን ከድንቹ ግንድ ሥር ቀስ አድርጌ እሰዳለሁ፣
የታቀፈች ዶሮ ሳይቀሰቅስ
እንቁላል እንደሚሰርቅ ሌባ።
አምስት ድንች። ልጣጫቸው በአውራ ጣት የሚለቅ።
ታውኖም በባርኔጣው እሸት አተር ይዞ መጣ፦
የራሴን አተር፣ ከርሱ ወገን የለቀመውን፣
ስጦታ ነው ብሎ። እኔም አመሰገንኩት።
ከእንስላል ጋር ቀቀልነው፤ ቅቤና ጨው፤
በደረጃው ላይ ተቀምጠን በእጃችን በላነው።
ብዙ አላወራንም። ትንኞቹ አወሩ።

ካሮቱ ገና ግማሹ አልሳሳም።
ነገ፣ ወይም ከነገ ወዲያ።

ሰባት ቁጥር፣ የመጨረሻው፣ በታች በኩል አለፈ፤
አንድም ሰው የለበትም፤
በዚህ ብርሃን ውስጥ ለምን እንደሆነ እንጃ
መብራቱን አብርቷል።
ሹፌሯ እጇን አነሳች።
እኔም አነሳሁላት፣ ከነጭቃው።