ጳጉሜን ያውቃል?

ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
የማይዘጋ መስኮት አለን፣ ወደ ጋራው የሚያይ፤
በጋራው ጫፍ የነፋስ ተርባይን፣ ነጭ፣ ባለ ሦስት ክንድ፣
ቀን ሙሉ የሚዞር፣ የትም ላይሄድ።
ስድስት ወንበር አለን፣ አንዱ እግሩ የላላ፣
እሱን ለሌላ የማይሰጡት መሥራቹ፣ ጋሽ ደበላ።

ሥራችን ትኬት ነው። የአውቶቡስ፣ የሚኒባስ፣
ከአዳማ አሰላ፣ ከአዳማ አዋሽ፣ እስከ ድሬ ድረስ።
ኮዱን የጻፉት እሳቸው ናቸው፣ ብቻቸውን፣ በሌሊት፣
እኔ አንደኛ ክፍል ፊደል ስቆጥር፣ መብራት በፈረቃ በነበረበት ዓመት።

ዛሬ ያ ኮድ አርጅቷል። አንድ ቦታ ሲነኩት ሌላ ቦታ ያመዋል፤
የአሰላን ታሪፍ ስናርም የአዋሽ ወንበር ይጠፋል።
ሁለት ሰው አንድ ቁጥር ይዞ መናኸሪያ ላይ ይጣላል፣
ስልኩ እኔ ጋ ይደውላል።

በሐምሌ መጨረሻ፣ ሰኞ፣ ገና ሻይ ሳይመጣ፣
ሃያ ሁለት ስላይድ ይዤ ተነሣሁ፤ ድምፄ ግን እንቢ አለ፣ አልወጣ።
«አዲሱ ማዕቀፍ» አልኩ፣ «ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ዓለም የሚሠራበት፤
ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ይጠብቀናል፣ እኛ ዛሬ የምናድርበት።»
ፕሮጀክተሩ መሃል ላይ ጠፋ። መብራት። እንደ ሁልጊዜው።
የቀረውን በባዶ ግድግዳ ላይ በእጄ ሣልኩት፣ ሰው አየው አላየው።

ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ ገንዘብ ያዧ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ፣
«ስንት ወር?» ብላ ጠየቀች፤ «እስኪያልቅ ድረስ ማን ምን ይብላ?»
ኢፋ ከጥግ ጫማውን ያያል፤
ማታ ማታ «አይዞሽ፣ አለሁ» ያለኝ አፍ ተለጉሟል።
ጋሽ ደበላ የብዕራቸውን ክዳን ከፈቱ፣ ገጠሙ፣
ሌላው ሰው ሁሉ ሲናገር፣ እሳቸው ጋራውን እያዩ ከረሙ።
ኋላ አንዲት ጥያቄ ብቻ፣ ክፉ ያልሆነች፣ ቀጭን፦
«ይሄ ማዕቀፍሽ» አሉኝ፣ «ያውቃታል ጳጉሜን?»

ሰው ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን አልሣቅሁም፤
የጳጉሜን ሦስት ትኬት ልቆርጥ ሞከርኩ፣ አልሆነም።
አሥራ ሁለት ወር ብቻ ያውቃል፤ ለአሥራ ሦስተኛው በር የለውም፤
ተሳፋሪው በጳጉሜን አይሄድም፣ አልተወለደም፣ የለም።

ያኔ የድሮውን ከፈትኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ደብዳቤ አነበብኩት፣
እስከዛሬ እንደ ተከሳሽ ነበር የመረመርኩት።
ሦስት ሺህኛው መስመር አካባቢ፣ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፣
ማስታወሻ፣ ለማንም ያልተላከች፣ ምናልባት ለእኛ፦
«ይህን አትንኩ። ጳጉሜን ስድስት ናት ዘንድሮ።
ሰው መንገድ ላይ እንዳይቀር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጮኸ የጎረቤት ዶሮ።»

በማግስቱ ስላይድ የለም። አንድ ወረቀት፣ አጥፌ፣ ጠረጴዛቸው ላይ፦
«ጋሽ ደበላ፣ ዶሮውን ሰማሁት።
ማዕቀፉ ጳጉሜን አያውቃትም፤ እኔ ላስተምረው ነው የፈለግሁት።
አንድ መስመር ይስጡኝ፣ የአሰላን ብቻ፤ የቀረው በእርስዎ ይሂድ፤
ብወድቅም አሰላ ድረስ ነው፣ አጭር መንገድ።
በጳጉሜን ሁለት ሰው በአንድ ወንበር ካልተጣላ፣
ያኔ እናወራለን፣ ከዘመን መለወጫ በኋላ።»

አነበቡት። «ሰምተሽዋል ማለት ነው።»
ሣቅ የመሰለ ነገር ጢማቸው ሥር አለፈ፤ ወይም ነፋሱ ነው።

አሰላ ተሰጠኝ፤ በአፍ፣ ሳይጻፍ፣ እስከ ዘመን መለወጫ።
ወይዘሮ ዘውድነሽ «የሌሊት አበል የለም» አለች፣ እንደ መቋጫ።
ኢፋ ወንበሩን አስጠጋ፦ «ድሮም ካንቺ ጋር ነበርኩ።»
ነበርክ ወይ? አልኩ በልቤ፤ ቦታ ግን ሰጠሁት፣ ኬብሉን አካፈልኩ።

ዛሬ ነሐሴ ሃያ ስምንት። ተርባይኑ ይዞራል፣ የትም ሳይሄድ፤
መናኸሪያው ሞልቷል፣ ሽንኩርት በኬሻ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሊነጉድ።
ያቺን ማስታወሻ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ገለበጥኳት፣ ቃሏን ሳልነካ፤
ከሥሯ የራሴን አንድ መስመር ጨመርኩ፦
«ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። አሁንም ይጮሃል ለካ።»