የጠቅታ ዕዳ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በሎፎተን፣ ከደሴት ደሴት፣
ሥራዬ ይህ ነበር፦ መብሳት፣ መብሳት ትኬት።
ጠቅ ይላል የብረት መብሻዬ፤ ቀና የሚል የለም፣
እጅ ብቻ ነው ያየሁ፣ ፊት አይቼ አላውቅም።
የዓሣ ሽታ ያለው፣ ጓንት ያጠለቀ፣
የሕፃን፣ ከረሜላ እላዩ የደረቀ።

ከዚያ ድልድይ ሠሩ። ጀልባዋን ሸጧት።
እኔን ኬክ አበሉኝ፤ ሰጡኝ የግድግዳ ሰዓት።
መብሻዬን ግን ሰረቅኩ። አዎ፣ ሰረቅኩ እላለሁ፤
በሹራቤ ኪስ ውስጥ እስከ ቤት ይዤው መጣሁ።

ፍሌክ የመጣው ኋላ ነው፤ ባለቤቱ ሞቶ፣
የግራ ጆሮው ጫፍ በውሻ ተበልቶ፤
ስጠጋው ያጉረመርማል ከጠረጴዛ ሥር፣
ስተወው ደግሞ ያለቅሳል እስኪነቃ ሰፈር።

የልጄ ልጅ ኢንግቪል ደወለችልኝ፦
«አያቴ፣ ዱላ አይደለም፣ ቁጣም አይደለም» አለችኝ፤
«ጠቅ የሚል ነገር ያዢ፣ ከኪስሽም ጉርሻ፤
ልክ በሠራባት ቅጽበት ነው፤ ካለፈች አይገባውም ውሻ።
ደግሞ አንድ ሕግ አለ፣ እንዳትረሺ አደራ፦
ጠቅ ካልሽ ትከፍያለሽ፣ በስሕተት እንኳ ቢጠራ።
ጠቅታ ቃል ነው፣ አያቴ፤ ቃል አንዴ ከታጠፈ
ድምፅ ብቻ ይሆናል።»
ዝም አልኩኝ። ቆጠርኩት፣ ጠቅ ብሎኝ በባዶ እጁ ያለፈ።

የሱቁ ፕላስቲክ ነው፣ ድምፁም የቁራ ጥፍር፤
እኔ ግን መብሻዬን አወጣሁ ከመሳቢያው ዳር።
የደረቀ ዓሣ መተርኩ፣ ምስር ምስር አሳክዬ፣
ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴን አባብዬ።
አየኝ። ጠቅ። ጉርሻ። ዞር አለ። ምንም። ዝም።
ደግሞ አየኝ። ጠቅ። ጉርሻ። ከጠረጴዛው ግን አልወጣም።
በሦስተኛው ቀን አፍንጫው ወጣ፤
በስምንተኛው ቀን ጅራቱም ተከትሎ መጣ።

ምሥጢሩ ጊዜ ነው፤ ጣቴ ትንፋሽ ያህል ከዘገየ፣
ለመቀመጡ ሳይሆን ለማከኩ ከፈልኩ፣ ጉድ ታየ።
ባሌን ኦድቫርን እንዲሁ ነው ያመሰገንኩት፤
ሃያ ዓመት ሾርባ ሠራልኝ፣ ቀብሩ ላይ ነው የነገርኩት።

ተቀመጥ፣ ተማረ። እጅ ስጥ፣ ተማረ።
ተገለባበጥ ግን፣ እምቢ! እንደ ድንጋይ ቀረ።
ዓሣውን በጎኑ ሳዞር፣ በአንገቱ ይከተላል፤
ከወገቡ በታች ግን የሌላ ውሻ ይመስላል።

አንድ ማለዳ ታዲያ አቧራ ገባና ፍሌክ አስነጠሰ፤
ጣቴ ደንግጦ ጠቅ አለ፤ ውሃው አንዴ ፈሰሰ።
ሕግ ሕግ ነውና ዓሣውን ከፈልኩ፤
አንገቱን ሰበር አድርጎ አየኝ፤ «አሃ» ያለ መሰለኝ፣ በሳቅ ሞትኩ።

ከዚያ ወዲያ ጉድ ነው! በሩን አንኳኩቶ፣
ጎረቤቴ አርንፊን በረዶውን አራግፎ ገብቶ፣
ፍሌክ ያስነጥስበታል፣ ፊት ለፊት ተጎልቶ።
«ይማርህ» ይላል አርንፊን፣ ቆቡን አውልቆ፤
«ሃጭ» ይላል ዳግመኛ፣ ዓይኑ ኪሴን ጠብቆ።
ኢንግቪል ሰማችና፦ «አትክፈይው፣ ይረሳዋል ውሎ አድሮ።»
ልክዳው? እኔው ባሳሳትኩት፣ እሱ አምኖኝ፣ ተምሮ?

ትናንት ወደ አሮጌው ወደብ ወረድን፣ እኔና እሱ፤
ፀሐይ የማትወጣበት ወር ነው፣ መብራቶቹም አነሱ።
ጀልባዋ ትታሰርባት የነበረች ብረት ዝጋለች፤
አንዲት ወፍ ተቀምጣባት፣ ስታየን በረረች።
ጓንቴን አወለቅኩና ጠቅ አልኩ፣ ያለ ምክንያት፤
ለማንም አይደለም፤ ለውሃው፣ ለዚያ ሁሉ ትኬት።
ፍሌክ ግን ቀና አለ። ፊቴን አየ። አዎ፣ ፊቴን፤
ስንት ሺህ መንገደኛ ሳያየው ያለፈውን ግንባሬን፣ ዓይኔን።

ኪሴን ፈተሽኩ፤ ባዶ። የግራውም፣ የቀኙም።
ጠበቀኝ። አልጮኸም። ጅራቱም አልወረደም።
«ዕዳ አለብኝ» አልኩት፤ «ቤት እስክንደርስ ታገሠኝ።»
አንዴ አስነጠሰ፣ ምናልባት ለማስታወስ፣ ከዚያ ጎተተኝ።
ዳገቱን ወጣን፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ ሳልናገር፣
መብሻውን በጡጫዬ አፍኜ፣ ሌላ ዕዳ እንዳይጨምር።