ባለ ሁለት ኮርቻ

ከፊተኛው ኮርቻ ማቪስ ተቀምጣ፣
ከኋላ ሴድሪክ ነው፣ ዓይኑ ብርሃን ያጣ።
ሽሮፕሻየር ውስጥ፣ በሰኔ ማለዳ፣
ዝግ ብለው ይነዳሉ፣ የለም የሰዓት ዕዳ።

ሁለት ወገን ቁጥቋጦ ክርናቸውን ይነካል፣
ትራክተር ሲያልፍ ብቻ ሰው መኖሩ ይታወቃል።

እሷ ያየችውን እየቆረሰች
ሳትዞር በትከሻዋ ታቀብለዋለች፦
«ከግራ የድንጋይ ቤት፤ እንቁላል ከበር ሥር፣
ሻጭ የለም፣ ጣሳ ነው ሳንቲም የሚቆጥር።
ከቀኝ ስንዴ አለ፣ እስከ ወንዙ ድረስ።»
«ባቄላ ነው» አላት፣ ቀና ብሎ ሲተነፍስ፤
«አበባው ሸተተኝ፣ ዓይን ብቻ አይበቃም።»
ሳቀች፤ ደወል ነካች፣ ሰው ባይኖር የትም።

መንታው ላይ ምልክቱን ሽበት ወርሶታል፤
«ግራ» አላት፣ የወፍጮው ውኃ ተሰምቶታል።

ከድልድዩ ማዶ ዳገት ተሰቅሏል፣
ከደብሩ የደወል ቤት ጫፉ ልቆ ይታያል።
«ሜዳ ነው» አለችው፣
ማርሹን በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ገፋችው።
ቀጭ አለ። ሰማ እሱ።
ባቱ መቃጠል ሲጀምር፣ ሲያጥረው ትንፋሹ፣
ግንባሩ ጀርባዋን እየታከከ፣
«ደስ የሚል ሜዳ ነው» አለ፣ እያለከለከ።