ሁለት ጣት

አቶ ግዛቸው አሉን፦ «ሁለት ጣት ብቻ ነው፤
ከሁለት ጣት ካለፈ ቅምሻ አይደል፣ ግብዣ ነው።
ባንድ ጠርሙስ ሆድ ውስጥ ዐሥራ አምስት ሰው አለ፤
ዐሥራ አራት ከወጣው፣ ከደመወዝህ ጎደለ።»

እኔም እለካለሁ፣ ጣቴን አጋድሜ፣
ከጣና ዳር ሣር ላይ፣ ከዋርካው ሥር ቆሜ፣
ነጭ ጓንት አጥልቄ፣ አንገቴን ሰብሬ፣
ከጠርሙሱ ከንፈር ጠብታ ቆጥሬ።
እንግዳው ብርጭቆውን አዙሮ ያሸታል፣
አንዱ «እንጆሪ» ሲለው አንዱ «ትንባሆ» ይላል፤
አንዷ ከወይኑ ጀርባ ጀንበርን አየቻት፣
በሁለት ጣት ባሕር ስትሰጥም አገኘቻት።

አክስቴ ማንጠግቦሽ፣ በሽምብጥ ጠጅ ቤቷ፣
መለኪያ አልነበራትም፤ ዓይን ነበር ብልሃቷ።
ብርሌው አንገት ላይ ሲደርስ ታቆማለች፤
የከፋው ሰው ሲሆን፣ ረስታ ታልፋለች።

ጋሽ ሽባባው ነበሩ የመጨረሻው ተራ፣
ጀልባ አስረው የመጡ ከእንግዶቹ ጋራ።
ናፍጣ በጠጣ እጅ ብርጭቆውን ይዘው፣
ወደ ታች አይተውት፣ ወደኔ መልሰው፣
«መጠኑስ ግድ የለም፣ ልጄ፣ ይህ ይበቃል፤
ቀጂው ያልቀመሰውን ጠጪ በምን ያምናል?
የድሮ አሳላፊ በመዳፉ ጠብ አርጎ፣
ቀድሞ ይጠጣልህ ነበር፣ ፍርሃትህን ጠርጎ።»

እውነታቸውን ነው። ሦስት ወር ስቀዳ፣
ዋጋውን አውቃለሁ፣ ለጣዕሙ ግን ባዳ።
ጓንቴን አወለቅሁ። አቶ ግዛቸው አዩ።
ከደንገሉ መሐል ሁለት ሻላዎች ታዩ።

በግራ መዳፌ ላይ፣ መንጠቆ በቀደደኝ ጠባሳ ዳር፣
ጠብ አረግሁ።
አንድ ጣት እንኳ አይሞላ።
እንጆሪ አልሸተተኝም።
መጀመሪያ ሳሙና፣ የጓንት ላብ፤
ኋላ የሚኮመጥጥ ነገር፣ ምላሴን የያዘ፣
ስሙን የማላውቀው።
«እህ?» አሉ ጋሽ ሽባባው።
«ይኮመጥጣል» አልሁ።
«ይኮምጥጥ» አሉና ጨለጡት።

ጠርሙሱ ለዐሥራ አምስተኛው ሰው አልበቃም።
ይቆረጥ ብዬ ቆምሁ፤
ሌላ ጠርሙስ ተከፈተ፣ ሌላ እንግዳ መጣ፣
እኔም ጓንቴን መልሼ አጠለቅሁ፤
ነጩ ከውስጥ ቀላ።