ባዶውን ሲሮጥ

መጋዙን የገዛሁት ከታች ነው፣ ኮምቦልቻ፣
ወገቡ እምቢ ካለው ከጋሽ ሽፋው ደጅ፤ ሸራ ላይ ተጋድሞ ለብቻ።
እጀታው በከመነዳሪ የተጠቀለለ፣
የብርቱካን ቀለሙ በላብና በዘይት የከሰለ።
ገመዱን አንዴ ቢስበው ጮኸ፤ የግራር ጉማጅ ላይ ጣለው፣
ሰተት ብሎ ገባ። «አየኸው?» አለኝ። ምን ልበለው?
«ቀንስ» ልል አስቤ፣ «ቀ» ላይ እንደቆምሁ፣
ሙሉውን ከፈልሁ።

በሚኒባስ ጣሪያ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ታስሮ፣
ሐረጎን ወጣ፣ ጥምዝምዙን አንድ በአንድ ቆጥሮ።
በማግስቱ ከቧንቧ ውሃ በላይ የባሕር ዛፍ ግንድ አግኝቼ፣
ሳብሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ዘጠኝ ጊዜ፤ ትከሻዬን ረስቼ።
ተነሣ። ምን መነሣት ነው! ጭሱን አንዴ ተፋ፣
ትን እንዳለው ሰው አንገቱን ደፋ።
ግንዱን ይልሰዋል እንጂ አይነክስም፤
የአባቴ መጥረቢያ ቢያንስ ቤንዚን አይጨርስም።

ሰኞ ገበያ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አበጋዝን አገኘሁ፣
የሠላሳ ዓመት ወፍጮ ጆሮውን በልቶታል፤ ጮክ ብዬ ልነግረው ሞከርሁ፤
«ታ... ታ... ታች ደህና ነበር፤ ላ... ላ...» ብዬ ተያዝሁ።
ሰው ሁሉ ቃሌን ከአፌ ነጥቆ ይጨርስልኛል፤ እሱ አልጨረሰልኝም፣
እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠበቀኝ፤ አላስቸኮለኝም።

ማጣሪያውን አውጥቶ በቤንዚን አጠበው፣
ካንዴላውን ፈታ፤ ጥላሸት ለብሷል፤ ለእኔ አሳየኝ፣ እሱ አሸተተው።
«ጠግቧል» አለ፣ «በልቶ ነው የታመመ።
ታች አየሩ ወፍራም ነው፤ ቤንዚኑ በዚያ ልክ ተሰፈረ፤
እዚህ አየሩ ሳሳ፣ ስፍሩ ግን እንዳለ ቀረ።»

ካርቡራተሩ ጎን ላይ ሁለት ቀዳዳ፣ በውስጣቸው ሁለት የነሐስ ብሎን፣
አንዱ ለዝግታው፣ አንዱ ለሩጫው የሚሆን፤
ሦስተኛው ሚኒሞው ነው፣ ሰንሰለቱ ቆሞ ሞተሩ እንዲተነፍስ።
ትንሿን ካቻቢቴ አነሣ፣ ጫፏ ከጤፍ አገዳ የምታንስ።
ረጅሟን ደግሞ ከሞተሩ ገላ ጆሮው ጀርባ፣ አጥንቱ ላይ ደገፈ፣
ዓይኑን ጨፈነ፤ ድምፁ በአጥንቱ በኩል አለፈ።

ሩብ ዙር ወደ ቀኝ። ጭሱ ቀነሰ። የሩብ ግማሽ ደገመ።
ጩኸቱ ቀጠነ፤ ቀጥኖ ቀጥኖ እንደ መርፌ ቆመ።
«ይ... ይ... ይኸው!» አልሁ። ራሱን ነቀነቀ፤
«ይኼማ የረሃብ ጩኸት ነው። በዚህ ድምፅ ስንቱ ፒስተን ተጣበቀ።»
ወደ ግራ መለሰው፣ የፀጉር ያህል። የጠራው ድምፅ ተሰበረ፣
ብ... ብ... ብ... ማለት ጀመረ።

ፊቴ ጋለ። የኔን ጉሮሮ ገበያ መሐል ያወጣብኝ መሰለኝ፤
«ይንተባተባል» ልል ፈልጌ፣ ቃሉ ራሱ ተንተባተበብኝ።

«ተወው» አለ። «ባዶውን ሲሮጥ እንዲህ ይበል።
ዘይት አልጎደለበትም ማለት ነው። ግንዱን አቅርበህ ጫን በል።»

ጫንሁ። ወዙ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ነበር፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ፤
ጥርሱ ሲነካው መንተባተቡ ቀረ፣
አንድ ወጥ ድምፅ፣ አንድ ወጥ መስመር፣
ሰጋቱራው ጫማዬን እስኪደብቅ።
ሳወጣው፣ ብ... ብ...። ስመልሰው፣ ጥርት።
ሦስት ጊዜ አደረግሁት። ሦስተኛው እንኳ አላስፈለገም ነበር፤ ለደስታ ያህል ቆረጥሁት።

«ስ... ስ...»
ጠበቀኝ።
«...ስንት ነው?»
«ሁለት መቶ። ታች ወርደህ ከሠራህ ግን ሩቧን መልስላት፤
ክዳኑ ውስጥ ጻፈው፣ ሰው ይረሳል፣ ብረት አይጠፋበት።»

ማታ ክዳኑን ስገለብጠው ጭረት አየሁ፣ በዘይት የተሸፈነ፤
በጣቴ ጠረግሁት፣ ፊደል ሆነ።
«ባቲ»፣ «ሐርቡ»፣ «ኩታበር»። ከየስሙ ጎን ትንሽ ቀስት፣ ግራ ወይ ቀኝ፤
ጋሽ ሽፋው ሁሉን ያውቅ ኖሯል። ብጠይቀው ይነግረኝ።
ከግርጌው በምስማር «ደሴ» ብዬ ጨመርሁ፣
ሁለት ፊደል ናት፤ ሳላቋርጥ ጻፍሁ።